ንጋት 12 ሰዓት ዜሮ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ፒያሳ አካባቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። አሁን ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ ስለጠፋ የፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የምጣድ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ። ጋዜጣችሁ እጄ የሚገባው አንዳንድ ጊዜ ቀኑ አልፎ፣ አንዳንድ ጊዜም ብሎን ተጠቅልሎበት ነው። ያለፈው ወር የቴክኖሎጂ ገጽ ግን በወቅቱ ደርሶኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ነገር አልዋጥልህ አለኝ።

አንዱ ሥዕሉ ነው። አሬይ የሚባለውን፣ ቁጥሮች በተርታ የሚቀመጡበትን የሜሞሪ ቦታ፣ ለማስረዳት አምስት ሣጥን በተርታ ሥላችሁ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጥታችኋል። ሌላው ከሥዕሉ ሥር ያለው አንቀጽ ነው፤ በስታክ የሚሠሩ የፕሮግራም ቋንቋዎች ነገርን ገልብጠው የሚናገሩ፣ ጊዜ ያለፈባቸው የቤተ መዘክር ዕቃዎች ናቸው ይላል። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፣ የቀረው ጽሑፋቸውም ደኅና ነው። ነገር ግን በዚሁ በአሬይ ቁጥር ምክንያት ሦስት ሳምንት ሙሉ የግቢያችንን ሰው ያስጨነቅኩ እኔ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከመገልበጡ ልጀምር። ከእነዚህ ቋንቋዎች እኔ የማውቀው ፎርዝን ነው። ቻርልስ ሙር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ለራሱ ሥራ ብሎ የጠረበው ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ “አራተኛ” ሊለው ፈልጎ ነበር አሉ፤ ይሠራበት የነበረው አይቢኤም 1130 ኮምፒውተር ከአምስት ፊደል የበለጠ ስም አልቀበልም ቢለው አንዷን ፊደል ጥሎ ፎርዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኪት ፒክ ተራራ ላይ ያለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ በዚህ ቋንቋ ይታዘዝ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ ላይ ያረፈችው ፊሌ የምትባለው መንኮራኩርም ፎርዝን በቀጥታ እንዲያስኬድ የተሠራ አርቲኤክስ2010 የሚባል ፕሮሰሰር ነበራት። ቤተ መዘክር ከሆነ እንግዲህ ቤተ መዘክሩ በጣም ሩቅ ነው።

በፎርዝ ቁጥር ስትጽፉ ቁጥሩ ስታክ ላይ ይቀመጣል። ስታክ ማለት ከምጣድ እየወጣ የሚደረደር እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የወጣው ከላይ ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚነሣውም እሱ ነው። ትእዛዙ ቀጥሎ ይመጣና የሚፈልገውን ያህል ከላይ ያነሣል። ስለዚህ ሁለትና ሦስትን ለመደመር 2 3 + ተብሎ ይጻፋል። አሁን እስቲ ይህን ጮክ ብላችሁ በአማርኛ አንብቡት፦ “ሁለትና ሦስትን ደምር።” ምኑ ነው የተገለበጠው?

ሜሞሪ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከዚህም በላይ አማርኛ ይመስላል። 37 ቁጥርን 600 የሚል አድራሻ ላይ ለማስቀመጥ 37 600 ! ተብሎ ይጻፋል። ቃለ አጋኖዋ ስቶር ትባላለች፣ አስቀምጥ ማለት ነው። “ሠላሳ ሰባትን ስድስት መቶ ላይ አስቀምጥ።” ቃል በቃል፣ በቅደም ተከተሉ። ያስቀመጡትን ለማምጣት 600 @ ነው፤ ያቺ የኢሜይል ምልክት ፌች ትባላለች። “ስድስት መቶ ላይ ያለውን አምጣ።” ቋንቋው የተገለበጠበት ግስን አስቀድሞ የሚናገር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። እኛ ግሳችንን እስከ ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ አዝለን የምንሄድ ሰዎች በዚህ ግራ ልንጋባ አይገባም። የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ታውቃለች፣ ሲ የሚባለውንም ትሞክራለች። ይህን ባሳየኋት ቀን “ጋሼ፣ ይሄ እኮ እንደኛ ነው የሚያወራው” ነው ያለችኝ።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። በፎርዝ አሬይ የሚባል የተለየ ፍጥረት የለም። ያለው ስም የተሰጠው አድራሻና ከዚያ ቀጥሎ የተተወ ቦታ ብቻ ነው። ክሪኤት የምትባለው ቃል “እዚህ ጋ ‘ውሃ’ የሚል ስም ለጥፍ” ታደርጋለች። ሴልስ የምትባለው “24 ክፍል ስንት ባይት ነው?” ብላ ታሰላለች፤ ባይት የሜሞሪ መለኪያ ናት፣ እያንዳንዷም የራሷ አድራሻ አላት። አሎት የምትባለው ያንን ያህል ትራመዳለች፣ በቃ። ችካል አትተክልም፣ አጥር አታጥርም፣ ስንት ክፍል እንደተራመደችም የትም አትጽፍም። ቀጥሎ የሚመጣው ስም ከቆመችበት ይጀምራል። ጎረቤት ነው እንግዲህ፣ ግድግዳ ለግድግዳ።

ሦስተኛውን ክፍል ፈልጎ ማግኘት የእናንተ ሥራ ነው። የመነሻውን አድራሻ ታነሣላችሁ፣ ስንት ክፍል አልፋችሁ እንደምትሄዱ ትናገራላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ ከዚያ አምጣ ትላላችሁ። ልብ በሉ፤ የምትናገሩት “ስንተኛ” የሚለውን ሳይሆን “ስንት አልፎ” የሚለውን ነው። ለደንበኛ ሱቄን ሳመላክት “ከፎቶ ቤቱ ሁለት በር አልፈህ” እላለሁ። ፎቶ ቤቱ ራሱስ ከፎቶ ቤቱ ስንት በር አልፎ ነው? ምንም። ዜሮ። የአሬይ መጀመሪያ ዜሮ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቁጥሩ ርቀት እንጂ ተራ አይደለም። ሐቁን ለመናገር በፎርትራን፣ በሉአና በማትላብ ከ1 መቁጠር የተለመደ ነው፤ እዚያ ቋንቋው ራሱ አንዷን ቀንሶ ያሰላላችኋል። ጽሑፋችሁ ግን የሚያወራው ስለ ሲ ነበር፤ በሲ ደግሞ መጀመሪያው ዜሮ ነው፣ ክርክር የለውም።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ በዚሁ የወደቅኩት።

የምኖረው አምስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመጣም ሌሊት ይመጣል። ከታች ባለው ታንከር እናጠራቅምና ጣሪያ አጠገብ ቆጥ ላይ ወደ ቆመው ሮቶ በፓምፕ እንገፋዋለን። ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ሰው ነበረን፤ ማለት ሁላችንም ነበርን፣ ማለት ማንም አልነበረም። አንዱ አብርቶት ቡና ይጠራል፤ ሮቶው ሞልቶ በእማማ በርበሬ ላይ ይፈስሳል። እማማ የግቢው ባለቤት ናቸው። በርበሬው የተሰጣበት ቦታ ደግሞ ከሮቶው ሥር ነው፣ ፀሐይ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነዋ።

እኔ ጋ ከቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ መሀል ለቅሜ ያመጣሁት አንድ አርዱይኖ ኡኖ የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ነበር። ራሙ (ሜሞሪው) 2048 ባይት ብቻ ነው፤ ይህ ደብዳቤ እንኳ አይገባበትም። ለእንዲህ ያለ ቦርድ የተሠራውን ፍላሽፎርዝ የሚባል ፎርዝ ጫንኩበት። ከሮቶው ክዳን ሥር በድምፅ ርቀት የሚለካ ሴንሰር አሰርኩ፣ መብራት ቢጠፋም የማይሳሳት ባትሪ ያለው ሰዓት ቆጣሪ አገናኘሁ። ሥራው ሁለት ነበር። የውሃው ጥልቀት ከ32 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ፓምፑን ያስነሣል፣ 115 ሲደርስ ያጠፋል። በየሰዓቱ ደግሞ ጥልቀቱን ይመዘግባል፤ ማን በስንት ሰዓት ውሃ እንደሚጨርስ ማወቅ ፈልጌ ነበር (ይህን ለጎረቤቶቼ አልነገርኳቸውም)።

መዝገቡ 24 ክፍል ያለው አሬይ ነው። በዚህ ቦርድ ላይ አንድ ሴል (አንድ ክፍል) 2 ባይት ስለሆነ 48 ባይት ይይዛል። ስሞቹ ቦርዱ ላይ በላቲን ፊደል ነበሩ፤ ለእናንተ ግን በአማርኛ “ውሃ” እና “ገደብ” ልበላቸው። ለምሳሌ እንዲመች “ውሃ” ከ600 ይጀምራል እንበል፤ የመጨረሻው ባይት 647 ላይ ነው። ከአሬዩ ቀጥዬ ያስቀመጥኩት “ገደብ”ን፣ ያቺን 32ን፣ ነበር። ስለዚህ “ገደብ” 648 ላይ ነች።

ሰዓት ቆጣሪው የሚነግረኝ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ ዕኩሌታ ተነሥቶ ከ0 እስከ 23። እኔ ደግሞ መዝገቡ በእኛ ሰዓት እንዲሆን ፈለግሁ። ስድስት ቀነስኩ፣ ከዜሮ ሲያንስ 24 ጨመርኩ። የፈረንጅ 7 ሰዓት ሲሆን 1 ይሆናል፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ደስ ይላል። የፈረንጅ 6 ሰዓት ሲሆንስ? ዜሮ ይሆናል። “ከንጋቱ ዜሮ ሰዓት” የሚል ሰው ደግሞ ጎንደር ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። 12 ሰዓት ነው የሚባለው፤ ቀኑን 12 ከቆጠርን በኋላ የሌሊቱ 12ኛ። ስለዚህ በኩራት አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ዜሮ ከሆነ 24 አድርገው።

እንግዲህ አስሉት። 24 ክፍል አልፎ ማለት 600 ሲደመር 48፣ 648። ንጋት 12 ሰዓት በመጣ ቁጥር ፕሮግራሜ የውሃውን ጥልቀት በሥነ ሥርዓት፣ አንድም ቅሬታ ሳያሰማ፣ “ገደብ” ላይ ይጽፈው ነበር። ድንበር መግፋት ይሉታል በገጠር። እዚህ ግን የሚከስስ ጎረቤት እንኳ የለም።

ሌሊት ውሃ መጥቶ ንጋት ላይ ሮቶው ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው፣ 112 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ገደቡ ከ32 ወደ 112 ይዘላል። የመጀመሪያው ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ ውሃው 111 ይሆናል፣ ፓምፑ ይነሣል። 115 ይደርሳል፣ ይጠፋል። ሌላው ድስት ያጥባል፣ ፓምፑ ይነሣል። ቀኑን ሙሉ እንደ አስም ታማሚ ይተነፍስ ጀመር። የፓምፑን ካፓሲተር ሁለት ጊዜ ቀየርኩ።

ስሕተቱን ፕሮግራሙ ላይ እንዳልፈልግ ያደረገኝ አንድ ነገር ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ ይድናል! ቦርዱ አዲስ ሲነሣ “ገደብ” እንደገና 32 ይሆናላ። እስከሚቀጥለው ንጋት ድረስ ጨዋ ሆኖ ይውላል። እኔ ታዲያ የመብራቱ መዋዠቅ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፊውዝ ቀየርኩ፣ ሪሌይ ቀየርኩ፣ የሴንሰሩን ገመድ በፎይል ጠቀለልኩ። እማማ ጠበል እንድረጭበት ሐሳብ አቀረቡ። ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይረጭም ብዬ ባስረዳቸው “ታዲያ ያንተ ዕቃ የተሠራው ውሃ ለማምጣት አይደለም ወይ?” አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

ያገኘችው የእህቴ ልጅ ናት። ቅዳሜ መጥታ ላፕቶፗን ከቦርዱ ጋር አያያዘች። ዳምፕ የምትባል ቃል አለች፤ ከዚህ አድራሻ ጀምረህ ይህን ያህል ባይት እንዳለ አራግፍ ማለት ነው። ረድፍ ረድፍ ቁጥር ወጣ። እኔ የማየው ቁጥሮቹን ነበር፣ እሷ ያየችው ባዶውን ነው። “ጋሼ፣ የመጀመሪያው ክፍል ለምንድነው ሁልጊዜ ዜሮ የሚሆነው? ማንም አይገባበትም?” አለችኝ። አልገባኝም። ጣቷን ወደ ታች አውርዳ 24ቱን ክፍሎች ቆጠረችና ቀጥሎ ያለውን አሳየችኝ። እዚያ መኖር የነበረበት 20 00 ነው፤ ዳምፕ የሚያሳየው በ16 ቤት ቁጥር ስለሆነ 32 እዚያ 20 ተብሎ ይጻፋል፣ ትንሹ ባይትም ይቀድማል። የነበረው ግን 70 00 ነው። ሰባት ጊዜ አሥራ ስድስት፣ 112።

ሁለታችንም ዝም አልን። ሦስት ሳምንት፣ ሁለት ካፓሲተር፣ አንድ ሪሌይ። አንድ ክፍል ባዶዋን ትጠብቃለች፣ አንድ እንግዳ ደግሞ የሰው ቤት ያድራል። ያቺን “ዜሮ ከሆነ 24 አድርገው” የምትል መስመር ሰረዝናት። ሌላ ምንም አልነካንም። ንጋት 12 ሰዓት ከንጋት የራቀው ዜሮ ሰዓት ነው፤ እኛ 12 ብለን ብንጠራውም ርቀቱ ዜሮ ነው። ሰዓታችን እኮ ከመነሻው ርቀት ቆጣሪ ነው፤ “አንድ ሰዓት” ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ነው። አሬይን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ይመጣል? ሣጥን ከመሣል ሰዓት ብትሥሉ ይሻላል።

(እማማ ልጅቷ “ባጉን (የፕሮግራሙን ስሕተት) አገኘነው” ስትል ሰምተው “የምን በግ?” ብለው ወጡ። ፋሲካ ቀርቦ ስለነበር ነገሩን ለማስተባበል ጊዜ ወሰደብን።)

ያን ቀን ልጅቷ አንድ ክርክር አንሥታብኝ ነበር፣ ደብቄ ባልፍ ለእውነት አይሆንም። “ፓይተን ቢሆን በመጀመሪያው ንጋት ኢንዴክስ ኤረር ብሎ ይጮህልህ ነበር” አለችኝ፤ ቁጥሩ ከአሬዩ ውጭ ነው ማለት ነው። ልክ ናት። በስታክ የሚሠሩትም ሁሉ እንደ ፎርዝ አይደሉም። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት የገጽ ማተሚያ ቋንቋ ነው፣ የሚሠራው በስታክ ነው፤ አሬዩን፣ ቀጥሎ ቁጥሩን ታስቀምጡና ጌት (አምጣ) ትላላችሁ። ከልኩ ያለፈ ቁጥር ከሰጣችሁት ሬንጅቼክ ብሎ ይቆማል፤ አሬዩ ርዝመቱን ይዞ ስለሚዞር። የጃቫ ፕሮግራም የሚሮጥበት ማሽንም ስታክ ነው፣ እሱም ይፈትሻል። ለነገሩ እናንተም ገጻችሁን ወደ ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ የምትልኩ ከሆነ፣ ፒዲኤፍ የፖስትስክሪፕት ዘር ነው፤ ውስጡ ቢከፈት መጀመሪያ ቁጥሮቹ፣ ቀጥሎ ትእዛዙ ነው የሚገኘው። የቤተ መዘክር ዕቃ ያላችሁት ቋንቋ ልጅ ጋዜጣችሁን ያትምላችኋል ማለት ነው።

ሆኖም ለልጅቷ የመለስኩላትን ለእናንተም ልበል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፓይተን የተጻፈው በሲ ነው። ያ “ኤረር” የሚል ጩኸት ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቁጥሩ ከርዝመቱ ያንሳል ወይ ብሎ የጻፈው ፍተሻ ነው። እሱ ካልጻፈው የለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ኢንተርኔትን ያንቀጠቀጠው ሞሪስ ዎርም፣ ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ፕሮግራም፣ ከገባባቸው በሮች አንዱ 512 ባይት ብቻ በተተወለት ቦታ ላይ ከዚያ የረዘመ ጽሑፍ ማፍሰስ ነበር። የእኔ ሮቶና የእነዚያ ኮምፒውተሮች ሕመም አንድ ነው፤ የእኔ በ2 ባይት ነው የተገፋው።

ስለዚህ አጥሩን ራሳችን ሠራን። በፎርዝ ቋንቋው ያልሰጣችሁን ነገር ራሳችሁ ቃል አድርጋችሁ ትጨምሩታላችሁ። ልጅቷ ላፕቶፗ ላይ በጂፎርዝ፣ በኮምፒውተር ላይ በሚሠራው ፎርዝ፣ አሬይ የሚወልድ ቃል ጻፈች፤ እዚያ ስም በአማርኛ ፊደል መስጠት ስለሚቻል “ተርታ” አለችው። ርዝመቱን ከሁሉ ፊት አንድ ሴል ላይ ይጽፋል፣ ክፍሎቹ ከዚያ ይቀጥላሉ። ቁጥር ሲሰጠው መጀመሪያ ከርዝመቱ ጋር ያነጻጽራል። ማነጻጸሩን አሉታዊ ቁጥር በማያውቀው በዩ-ለስ አደረገችው፤ ለምን ብላት፣ በ16 ቢት ከዜሮ በታች ያለች አንድ ስትገባ 65535 መስላ ስለምትታይ በአንድ ፍተሻ በላይም በታችም ያለፈውን ይይዘዋል አለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

ወደ ቦርዱ ስናመጣው አንድ ነገር ላይ ግን ተጣላን። እሷ ስሕተት ሲገኝ ፕሮግራሙ ይቁም አለች፣ መጽሐፍ እንደሚለው። ፓምፑ በርቶ እያለ ፕሮግራሙ ቢቆምስ? ሮቶው ይሞላል፣ ይፈስሳል፣ በርበሬው! ገጽ እያተመ ያለ ፖስትስክሪፕት ቢቆም ወረቀት ይበላሻል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ውሃ የሚገፋ ዕቃ ግን መጀመሪያ ፓምፑን ያጥፋ፣ ከዚያ ይቁም። በዚህ ተስማማን፤ እንደዚያ ነው ያለው።

ሌላ የእኔ ጥፋት ደግሞ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ተጋለጠ። ቦርዱ ላይ ሴል 2 ባይት መሆኑን ስለማውቅ አንዳንድ ቦታ ሴልስ በማለት ፋንታ በሁለት አባዛ ብዬ ጽፌ ነበር፣ ስንፍና ነው። እሷ ማሽን ላይ ሴል 8 ባይት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት ይዞ ሲቀመጥ የሚቀጥለው ግን 2 ባይት ብቻ አልፎ ላዩ ላይ ይተኛበታል። 112ን ብትጠይቁ አሥራ ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ይወጣላችኋል፤ አራት ሰዓት ተደራርቦ ያበጠ ነገር። አንድ አልጋ ላይ አራት ሰው እንደማስተኛት ነው። ሴልስ በሉ፣ ማሽኑ ራሱ ያውቃል።

አሁን ልጅቷ የሳምንቱን መዝገብ ትፈልጋለች። ሰባት ቀን በ24 ሰዓት 168 ክፍል፣ በቦርዱ ላይ 336 ባይት ነው፤ ይበቃል። ሜሞሪ ግን አንድ ረጅም መስመር እንጂ ሠንጠረዥ አይደለም። ይህን ያስረዳኋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስጄ ነው። ጣሪያው ላይ የመላእክቱ ፊት ረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። አንዱን መልአክ በጣት ሳትጠቁሚ ለኔ ለመንገር ምን ትያለሽ አልኳት። “ሦስት ረድፍ አልፎ፣ ከዚያ አምስት ፊት አልፎ” አለች። ፊቶቹ ሁሉ በአንድ ክር ቢሰኩስ? አንድ ረድፍ ስንት ፊት እንደሚይዝ ማወቅ አለብኝ፣ በሦስት አባዝቼ አምስት እጨምራለሁ አለች። አለቀ። ሰኞን ዜሮ ካልን ሐሙስ ሦስት ነው፤ የሐሙስ አምስት ሰዓት 3 ጊዜ 24 ሲደመር 5፣ 77 ክፍል አልፎ ነው። በሁለት ሲባዛ 154፣ ከ600 ሲነሣ 754።

ጣሪያውን አንጋጠን ስናይ ነው አንድ ነገር የከነከነኝ። ያ የእኔ 24ኛ ሰዓት በሳምንቱ መዝገብ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የሰኞ 24ኛ ሰዓት የማክሰኞ ዜሮኛ ክፍል ውስጥ ይገባል። ከአሬዩ አይወጣም! “ገደብ”ን አይነካም፣ ፓምፑ አያስልም፣ እማማም ጠበል አይሉም። ከአጥሩ ውጭ የሚወድቀው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የእሑዱ ብቻ ነው። የልጅቷ ዩ-ለስ በጠቅላላው 168 ላይ ከቆመ እንኳ ስድስቱን ቀን አይይዘውም፤ ቀኑም ሰዓቱም ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው። በሦስት ሳምንት ያልተገኘው በዓመትም ላይገኝ ይችል ነበር። ደግሞስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተለካ ውሃ የትናንት ነው ወይስ የዛሬ? ቀን በንጋት ይጀምራል ካልን የዛሬ ነው አልኩ እኔ። እማማ ግን ሌሊቱን የመጣ ውሃ የትናንት ነው ይላሉ፤ ለክፍያ ሲሆን።

ልጆቻችን ፎርዝን ይማሩ፣ ፓይተንን ይተዉ እያልኩ አይደለም። እኔም ሱቁን የማስተዳድረው በፎርዝ አይደለም፣ በደብተር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዳምፕ አድርገው ቁጥሮቹ የተኙበትን ቦታ በዓይናቸው ይዩ ነው የምለው። ለዚህ ደግሞ ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ ጂፎርዝ በነፃ ይወርዳል፣ ቦርዱም በተለያየ ሰው እጅ አልፎ እኔ ጋ እንደደረሰው ዓይነት ይበቃል። ጸሐፊያችሁ ወደ ጎንደር ብቅ ካሉ የእኛን ላሳያቸው ዝግጁ ነኝ። ሮቶው ሥር ብቻ እንዳይቆሙ፣ በርበሬ አለ።

ማረሚያ የምታወጡ ከሆነ ሥዕሉን እንደገና መሣል አያስፈልጋችሁም። ከፊት 0 ጨምሩበትና መጨረሻ ላይ ያለውን 5 አጥፉት፤ ቁጥሮቹንም አንድ አንድ ሣጥን ወደ ቀኝ አሽሹ። ሣጥኖቹ እንደነበሩ አምስት ናቸው።

አክባሪያችሁ፣
ሬዲዮ ጠጋኙ፣ ከጎንደር ፒያሳ